ቆመን የጠየቅንበት ቀን

ከደብዳቤው በፊት ወሬው ደረሰኝ፤ ወደ ገጠር ቀበሌ ሊያዛውሩኝ ነው አሉ። እርግዝናዬ ገፍቷል። የተባለው ትምህርት ቤት ደግሞ ባጃጅ እንኳ የማይደርስበት፣ ምጥ ቢመጣ በቃሬዛ የሚወጡበት ቦታ ነው። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ችግሩ የእኔ ብቻ አልነበረም። እኛ የሸዋ ሮቢት መምህራን ስለ ዝውውርም ስለ ደሞዝም ይነገረናል እንጂ ተጠይቀን አናውቅም። ስለዚህ አንድ ላይ ሆነን የመደራደር መብት እንዲኖረን፣ የምክር ቤት ተወካያችን ጥያቄውን ለጉባኤው እንዲያቀርብልን ልንለምነው ተነሳን። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያልን ስናስተምር ኖረን፣ ለራሳችን ሲሆን እንዴት እንደምንጀምር ጠፋን።

መላውን ያመጡት ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡት የታሪክ መምህር ናቸው።

«ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሄዶ መልስ ሳያገኝ ይቀመጣል? እኛም አንቀመጥም» አሉ።

«ሙሽራዋ ማን ናት፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

«መብታችን ናታ! ጥሎሽ እንደሆን የለንም፤ አላህ ያውቅልናል።»

ሳቅን። ሳቁ ግን የተወካዩ ቢሮ በር ላይ አለቀ።

ተወካዩ ወደ ወንበሮቹ ጠቆመን። ቆምን። አዛውንቱ ጥያቄያችንን ነግረውት «እሺ ሳንባል አንቀመጥም» ሲሉ ሰማና ፊቱ ተለዋወጠ። «ይሄ ምንድን ነው? አድማ ነው?»

«ወግ ነው፣ ልጄ» አሉት።

አድማ የምትለዋን ቃል ስሰማ ሆዴ ውስጥ ያለው ልጅ ጭምር የደነገጠ መሰለኝ። ሙቀቱ ያፍናል፤ እግሬ አብጦ ጫማዬ አልበቃ ብሎኛል። ተወካዩ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን አለሰለሰ።

«እህቴ፣ የአንቺን ዝውውር ሰምቻለሁ። ለብቻ እናየዋለን። ቁጭ በይ፤ ሌሎቹ ውጭ ይጠብቁ።»

ክፉ ሰው አይደለም፤ ከልቡ ያዘነልኝ ይመስለኛል። የባሰ ያስፈራኝም ይኸው ነው። ብቀመጥ ሆስፒታል አጠገብ እወልዳለሁ፤ የሁላችን ጥያቄ ግን እዚያው ይቀራል፤ እንደ ድሮው በየተራ እየተጠራን ለየብቻ እንለምናለን። ባልደረቦቼ መሬት መሬቱን ያያሉ፣ አዛውንቱም ጭምር። ተናደድኩ። አንድ ሰው እንኳ «ተቀመጪ» ወይም «አትቀመጪ» ቢለኝ ምን ነበረበት!

«እነሱ ሲቀመጡ እቀመጣለሁ» አልኩ።

ተወካዩ አንድ በአንድ አየን። በመጨረሻ «እሺ፣ ለጉባኤው አቀርበዋለሁ። በሉ ተቀመጡ» አለ። ሁሉም ወንበር ሳበ። አዛውንቱ ምርቃት ጀመሩ።

ስለ እኔ ዝውውር ግን ምንም አላለም። «የእኔስ?» ልለው አፌን ከፈትኩ። ያን ግን አንድ ላይ አልጠየቅነውም። ከሁሉም ጋር «አሚን» አልኩ።