ስሜ ያልገባበት ማውጫ

የዛሬው አቤቱታዬ በብርዱ ላይ ነው፤ ጣቴ ደንዝዞ ስልኬ ላይ አንዱን ፊደል ስነካ ሌላው ይወጣል።

እውነቱን ለመናገር የቆጨኝ ሌላ ነው። የእህቴ ልጅ፣ «ጋሼ፣ በርኖስ ሠሪነትህን የድረ ገጽ ማውጫ ላይ እናስመዝግብ፤ ትንሽ ክፍያ አለው» አለችኝ።

በደርግ ጊዜም ለነጋዴዎች ማውጫ መጽሐፍ ከፍዬ ነበር። አስመዝጋቢው የልብ ጓደኛዬ በቀለ፣ ክፍያው አንድ አዲስ በርኖስ።

መጽሐፉ ሲመጣ «በርኖስ ሠሪ» በሚለው ሥር የሰፈረው የራሱ ስም! ሰውየው የበግ ጠጉርን ከጥጥ አይለይም።

«ምነው በቄ?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ያንተ ስም ረጅም ነው፤ መስመሩ አልበቃውም» አለኝ።

እናንተ ብትሆኑ ዳግም ትከፍላላችሁ? እንዲህ ያለ ወዳጅ የገጠማችሁ ጻፉልኝ።

ቆዩ፣ በር ተንኳኳ። ከጣርማ በር የመጡ ሽማግሌ ናቸው፦ «ወንድሜ፣ የበርኖስ ሠሪው የበቀለ ቤት የትኛው ነው?»