እጇ በእጄ ውስጥ

ልጄ ሰባት ዓመት ሲሞላት ትምህርት ቤት ላስገባት ተነሣሁ። ቤቴል ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት "ሌሎቹ ወላጆች ቅር ይላቸዋል" ብሎ መለሰን። አስኮ ያለው ደግሞ ቦታ ሞልቷል አለን፤ ከኋላችን ተሰልፋ የነበረችው ሴት ግን ልጇን አስመዝግባ ስትወጣ አይቻታለሁ። በመጨረሻ ኮልፌ፣ ከቤታችን ብዙም የማይርቅ የመንግሥት ትምህርት ቤት ወሰድኳት። ርእሰ መምህሩ ልጄን አይተው፣ "ልዩ ፍላጎት ክፍል አለን። አስተማሪዋ ግን አንድ ናቸው። እርስዎ አጠገቧ የሚቀመጡ ከሆነ እንቀበላታለን" አሉኝ። ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ቶሎ ብዬ እሺ አልኩ። እሠራበት የነበረውን ልብስ ስፌት ቤትም በዚያው ሳምንት ለቀቅኩ።

ልጄ በእግሯ የሄደችው ዘግይታ ነው፤ አፏንም የፈታችው ዘግይታ ነው። ሐኪሙ የአእምሮዋ እድገት ከእድሜዋ ወደኋላ እንደሚቀር ነግሮኛል። እኔ ራሴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፍኩም። ለልጆች በተሠራው ዝቅተኛ ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ ስቀመጥ፣ ሰው ያየኝ ይመስል አፍሬ ነበር።

ክፍሉ ውስጥ አሥራ አንድ ልጆች ነበሩ። አንዱ ይጮኻል፣ አንዷ በሩን ከፍታ ትወጣለች፣ አስተማሪዋ እሷን ለመመለስ ሲሮጡ ሌላው ጠመኔ ይበላል። ደግ ሴት ነበሩ፤ ደብተር የሚያርሙት ግን ልጆቹ ሊወጡ ሲሉ፣ ቆመው፣ በችኮላ ነው። የልጄ ደብተር ሁለት ሳምንት ሙሉ ባዶ ሆነ። እኔን ጭንቅ ያዘኝ። ባዶ ደብተር እያዩ እስከ መቼ ያስቀምጧታል? ዛሬ ወይ ነገ "ይዘሻት ሂጂ" የሚሉኝ መሰለኝ። ስለዚህ አንድ ቀን ልጄ እርሳሱን ጨብጣ ዝም ስትል፣ እጇን በእጄ ጠቀለልኩና ሰሌዳው ላይ ያለውን "ሀ" ጻፍን።

እስከ ዛሬም ጻፍን ነው የምለው።

አስተማሪዋ በቀይ እስክሪብቶ ራይት አደረጉበትና "ጎበዝ!" አሉ። ማንን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ እንደዚያው ሆነ። ልጄ እርሳሱን ትጨብጥና ጡጫዋን ወደ ጎን፣ ወደ እኔ ትዘረጋለች፤ እኔ እቀበላታለሁ። እጇ ለስላሳ ነበር፣ አጥንት ያለው አይመስልም። ካልያዝኩት እርሳሱን የሚጥለው ይመስለኝ ነበር።

ደግሞ ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። በልጅነቴ ከትምህርት ቤት ያስቀሩኝ ገና ማንበብ እየጣመኝ ሲመጣ ነው። አሁን ፊደሎቹ መስመሩን ሳይለቁ፣ እንደ ጥሩ ስፌት ተከታትለው ሳያቸው ልቤ ይሞቃል። ቀዩን ራይት ቤት ወስጄ ለባለቤቴ አሳየዋለሁ። "አንቺ፣ ይቺ ልጅ ጎበዝ ናት እኮ!" ይላል። እኔም "ጎበዝ ናት" እላለሁ።

የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ቀልደኛ ሽማግሌ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ከልጄ ጋር ስገባ እኔን እንደ ተማሪ ቆጥረው መንገድ ይዘጉብኛል።

"ደግሞ አረፈድሽ! የቤት ሥራሽን ሠርተሻል?"

"ሠርቻለሁ አባባ።"

"ዘንድሮ አንደኛ ካልወጣሽ በዚህ በር አታልፊም፣ ነግሬሻለሁ!"

ልጄ ነገሩ ሳይገባት ከእኔ ቀድማ ትስቃለች።

ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። በአራተኛው ዓመት አስተማሪዋ ተዛወሩና በቦታቸው አንዲት ወጣት መምህርት መጣች። የመጀመሪያ ሥራዋ ወደ መደበኛው አንደኛ ክፍል የሚያልፉ ልጆችን መለየት ነበር። ይህን ቀን ነበር ስጠብቅ የኖርኩት። ልጄ ከሰፈራችን ልጆች ጋር አንድ ክፍል ልትገባ፣ አንድ ሰልፍ ላይ ልትቆም ነው። መምህርቷ ደብተሮቹን አገላብጣ የልጄን አነሣች።

"እናቷ፣ ከሁሉም ንጹሕ ይሄ ነው። እስቲ ብቻዋን ልያት፤ እርስዎ ውጭ ይጠብቁኝ" አለችኝ።

ከክፍሉ መስኮት አንዱ መስታወት ተሰብሮ በካርቶን ተደፍኗል፤ በሌላው በኩል ቆሜ አያለሁ። መምህርቷ ወረቀትና እርሳስ ሰጠቻት። ልጄ እርሳሱን ጨበጠች። ከዚያ ጡጫዋን ወደ ጎን፣ ወደ ባዶው ወንበር ዘረጋች። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም፤ እጇን አየር ላይ አንጠልጥላ ጠበቀች። ዞር ብላ ወንበሩን አየችው። እንደገና ጠበቀች። እኔም ሳላውቀው እጄ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ነበር።

መምህርቷ ወጣች። ደብተሩን ይዛለች።

"ይሄን ሁሉ ማነው የጻፈው?"

"እሷ ናት፣ ቲቸር። እጇን ይዤላት።"

"ሁሉንም?"

ደብተሩን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ።

"እጇን ይዘው ሲጽፉ እሷ ወዴት ነበር የምታየው?"

አሰብኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠን፣ አላውቅም።

"እኔ መስመሩን ነበር የማየው" አልኳት።

አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ልጄ እንደማታልፍ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ፊደሉ ይቆይና ማንኪያ ከመያዝ፣ ቁልፍ ከመቆለፍ ትጀምራለች፤ ከነገ ጀምሮም ያለ እኔ።

"ባዶ ደብተር አይተው ቢሆን የቀድሞዋ አስተማሪ ሌላ ነገር ይሞክሩላት ነበር" አለችኝ። "የምትችለውንም የማትችለውንም ማየት አልቻሉም።"

ልጄን ይዤ ስወጣ ጥበቃው ከወንበራቸው ተነሡ።

"እህ፣ ተማሪዋ! ፈተና ነበር አሉ። ስንተኛ ወጣሽ?"

ልጄ እንደ ልማዷ ሳቀች። እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩና አለፍኩ። ከኋላዬ "ምነው? ምን አልኳት?" ሲሉ ሰማኋቸው።

ቤት እንደገባን ልጄ ማንም ሳይነግራት ደብተሯን አወጣች። አልጋው ጫፍ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች፣ እርሳሱን ጨበጠች፣ ጡጫዋን ዘረጋችልኝ። እጄ ሊነሣ ሲል ሁለቱንም እጆቼን ከጭኔ ሥር አስገብቼ ተቀመጥኩባቸው።

"አንቺ ጻፊ፣ የኔ እናት" አልኳት።

ጠበቀች። ፊቴን አየችኝ። ከዚያ እርሳሱን ጥላ ከፊቴ ተንበረከከች፤ በሁለት እጇ የእጄን አንጓ ይዛ ከጭኔ ሥር ልታወጣው ትጎትተኝ ጀመር። ጣቶቿ ሥጋዬ ውስጥ እስኪገቡ ጨበጠችኝ። አመመኝ። ይህን ያህል ጉልበት እጇ ውስጥ እንዳለ አላውቅም ነበር።