ግርማ ያመጣቸው ፕላኔቶች

ይህን ለባለቤቴ ነግሬያት አላውቅም። ለነፍስ አባቴም ሁለት ጊዜ ጀምሬው ወደ ሌላ ኃጢአት ዘወር ብያለሁ። ለአንተ የምናገረው ስለማታውቀኝ ነው።

ናሆምን አልወለድኩትም። እናቱን ሰናይትን ሳገባ ትንሽ ልጅ ነበር። ወላጅ አባቱ ግርማ ወሎ ሰፈር ጋራዥ ውስጥ መኪና ቀቢ ነው። ያን ሰሞን ትምህርት ቤት የሥርዓተ ፀሐይ ሞዴል ሠርታችሁ ኑ ተባሉ። ላግዝህ ብለው አሻፈረኝ አለ፤ «ቅዳሜ አባቴ መጥቶ ይሠራልኛል» አለኝ። ቀናሁ። አባቱን በሚጠብቅ ሕፃን ቀናሁ።

ቅዳሜ እስከ ምሳ ሰዓት በረንዳ ላይ ቆሞ ጠበቀ። እናቱ አሳዘናት መሰለኝ፣ ዳቦ እንግዛ ብላ ይዛው ወጣች። ግርማ የደረሰው ያኔ ነው፤ ወደ የካ አባዶ የሚመጣ ታክሲ አጥቶ አርፍዶ፣ ደረጃውን እያለከለከ። በፌስታል ከጋዜጣና ከኮላ የሠራቸው ኳሶች፣ ሽቦና የተረፈ የመኪና ቀለም ይዟል። ለሳተርን ቀለበት የሚሆን ጎማ እንኳን ቆርጦ አምጥቷል።

«ናሆም የለም?»

«ከእናቱ ጋር ወጥቷል። ዛሬ አይመለሱም» አልኩት። ዳቦ ቤቱ ከብሎካችን ጀርባ ነው።

«እንግዲህ ስጥልኝ ወንድሜ። እንዳልቀረሁ ንገረው» ብሎኝ ወረደ። መንገድ ላይ ቢገናኙስ ብዬ ከበረንዳው ወደ ታች ሳይ ቆየሁ። አልተገናኙም።

ዕቃውን እኔ የገዛሁት አስመስዬ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። አብረን ቀባን፣ ሽቦ አጠፍን፣ ሰቀልን። ልጁ ጁፒተርን እየቀባ «አባቴ አልመጣም አይደል?» አለኝ። አልመጣም አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት። በየትኛው አፌ አልኩት? አባዬ ብሎ የጠራኝም የዚያን ዕለት ነው።

ግርማ በሳምንቱ ሲደውል ናሆም አላናግርም አለ። ከዚያም በኋላ እንደዚያው። ሰውየው እየደወለ፣ እየደወለ፣ ተወው። እውነቱን ለመናገር ጊዜ አጥቼ ነው? ስንት ዓመት ነበረኝ። ያሳደግኩት እኔ ነኝ፣ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ እውነት ነው፣ ግን አያድነኝም።

ነገ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ምርቃቱ ነው። እናቱ ትናንት ራት ላይ «አባትህን ጥራው እንጂ» ስትለው ወደ እኔ እያየ፣ «አባቴ ያን ቅዳሜ ፕላኔቶቹን ያመጣልኝ ሰው ነው» አላት። እኔ ጉርሻዬን ዋጥኩ።

አሁን ማዶ ክፍል ሱፉን እየለካ ነው። ልነግረው ስንቴ ተነስቼ ተቀመጥኩ። አንተ ይቅር ብትለኝ ምን ይረባኛል? የበደልኳቸው ሌሎች ናቸው። ይኸው፣ ከረባቱን እንዳስርለት እየጠራኝ ነው። ልነግረው አይደለም የምሄደው፤ ከረባቱን ላስርለት ነው።