ፊሽካው እስኪነፋ

አሜሪካ፣ ሊልበርን ከተማ በምንኖርበት ጊዜ ታናሽ ወንድሜ ለትምህርት ቤቱ የአሜሪካን ፉትቦል ይጫወት ነበር። ሥራው ኳስ መያዝ አይደለም። ኳስ የሚወረውረውን ልጅ፣ ኳርተርባኩን፣ በግራ በኩል እየተንደረደረ ከሚመጣበት ተጋጣሚ መጠበቅ ነው። ነጥብ አያስቆጥር፣ ስሙ አይጠራ። «ይሄም ጨዋታ ሆኖ!» እያልኩ አሾፍበት ነበር።

አንድ ቀን ጋራዡ ፊት ሲለማመድ አየሁት። ያ በር የማይበቃው ልጅ መቀመጫውን ዝቅ አድርጎ፣ እግሮቹን ሳያጠላልፍ ወደኋላ ሲንሸራተት ኮሽታ የለውም።

«ነይ፣ ፑሽ አድርጊኝ» አለኝ።

ባለ በሌለ ኃይሌ ተንደረደርኩ። ልደርስበት ስል ሁለት መዳፎቹ ትከሻዬ ላይ አረፉና ባለሁበት ቀጥ አልኩ።

«ቀድሜ ከተወረወርኩ ባላንሴን አጣለሁ። ዩ ኖው፣ መጠበቅ ነው።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ነዋ!» አለች እናቴ ከበሩ ላይ። ወላሂ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ማሾፌን ተውኩ።

ችግሩ ያሳደገችው እሷ መሆኗ ነው። ወሎዬዋ እናታችን ሰው ሲደናቀፍ «እኔን!» ሳትል አታልፍም፤ ሰው ወድቆ እያዩ መቆም ቤታችን ውስጥ ነውር ነው። በአንድ ጨዋታ ወንድሜ ተጋጣሚውን በጀርባው ዘረረውና ጎንበስ ብሎ እጁን ሰጠው! ኳሱ ግን ገና አልተወረወረም፣ ፊሽካውም አልተነፋም። ልጁ እጁን ይዞ ተነሳ፤ ምስጋና የለ ምን የለ፣ ሮጦ ኳርተርባካችንን ከኋላው ደፋው።

አሰልጣኙ «ከደገምከው ቦታህን ለሌላ እሰጣለሁ» አለው። ወንድሜ ያን ቀን እራት አልበላም።

«ልጄ፣ መጀመሪያ አደራህን ጠብቅ» አለችው እናቴ። «ማንሳቱ የትም አይሄድብህም።»

በሚቀጥለው ሳምንት ለጨዋታ ስማይርና ወደምትባል ከተማ ሄድን። ሊያልቅ ሲል ከወንድሜ የሚገዝፍ ልጅ መጣበት። ወንድሜ አልቸኮለም። ተንሸራተተ፣ ጠበቀ፣ መዳፎቹን ደረቱ ላይ አሳረፈበት፤ ልጁ ተንከባለለ። እናቴ «እኔን!» ብላ አፏን ያዘች።

ወንድሜ አልጎነበሰም። ጉልበቱን ሰበር አድርጎ በወደቀው ልጅና በኳርተርባኩ መሃል ቆመ። እንዴት እንደከበደው ከመቀመጫዬ ሆኜ አውቄዋለሁ፤ እንደዚያ ኮርቼበት አላውቅም። ኳሱ ተወረወረ፣ ፊሽካው ተነፋ።

ያኔ ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋ። ልጁን ማንሳት ከብዶት ሲታገል፣ ያ ባለፈው ሳምንት በወንድሜ ምክንያት የተደፋው ኳርተርባካችን መጣና የልጁን ሌላኛውን ክንድ ያዘለት።