የአባቴ በርሜል

በቅርቡ ከጋምቤላ ወደ ኢታንግ በጀልባ ስንሄድ፣ ስኳር ሲያር የሚሸት ዓይነት ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ትንሿ ልጄ ጭኔ ላይ ተኝታለች፣ ተሳፋሪው ያወራል፣ ነጂው ወጣት ስልኩን ያያል፤ እኔ ግን ወደ ሞተሩ ዞርኩ። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው አረንጓዴ ፈሳሽ፣ ኩላንት የሚሉት፣ ሲፈላ እንደዚያ እንደሚሸት ከልጅነቴ አውቃለሁ።

አባቴ በዚሁ በባሮ ላይ ሰውና በቆሎ የሚያመላልስ የብረት ጀልባ ነጂ ነበር። የናፍጣ ሞተሩ ከእሱ በዕድሜ ስለሚበልጥ ቤታችን ውስጥ «ሽማግሌው» እንለው ነበር። እናቴ «ለሽማግሌው የምታዝነውን ያህል ለእኔ ብታዝን» እያለች ትቀልድበት ነበር።

ክረምት ሲገባ አባቴ፣ የመጀመሪያው ዝናብ የጣራውን ቆርቆሮ አጥቦ እስኪያልፍ ጠብቆ፣ ከዚያ በኋላ የሚወርደውን በበርሜል ያጠራቅምና በጋውን ሙሉ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጭኖበት ያቆየው ነበር። ማንም አይነካውም። «የወንዝ ውሃ የዓሣ ነው፤ ሽማግሌው የሰማይ ውሃ ነው የሚጠጣው» ይል ነበር። ግንቦት ላይ፣ ጀልባው ሥራ ሳይጀምር፣ አሮጌውን ኩላንት በጄሪካን ያወጣና ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ ፍየል እንዳይልሰው ጉድጓድ ውስጥ ይቀብረዋል፤ አዲሱንም ከበርሜሉ ውሃ ጋር እኩል ቀላቅሎ ይሞላል። ባልዲ የማቀብለው እኔ ነበርኩ።

አሥራ አንድ ዓመት በሆነኝ ሚያዝያ፣ ደጋው ላይ ዘንቦ ባሮ ቀይ ሆኖ ወረደ። ለፋሲካ የምንዘምርበት ነጭ ልብሴ በዚያ ውሃ አይታጠብም። እናቴ ጎግ ወረዳ ዘመድ ጥየቃ ሄዳ ስለነበር፣ ድንጋዩን አንስቼ የበርሜሉን ውሃ ግማሹን ለልብሴ ማጠቢያ ጨረስኩና፣ እንዳይታወቅብኝ በወንዝ ውሃ ሞልቼ ከደንኩት። በፋሲካ ልብሴ እንደ ወተት ነጥቶ ፊት ቆሜ ዘመርኩ።

ግንቦት ደርሶ አባቴ ሲከፍተው ውሃው ከላይ ጠርቶ ነበር፤ ባልዲው ወደ ታች ሲወርድ ግን ደፈረሰ። እኔ አይቻለሁ። አባቴ ኩላንቱን ሲጨምርበት አረንጓዴው ቀለም ድፍርሱን ሸፈነው፣ እኔም ዝም ብዬ ባልዲውን አቀበልኩት።

ክረምቱ መሃል ላይ፣ እኔም አብሬው ሳለሁ፣ ያ ሽታ መጣ፣ ሞተሩም ቆመ። ጎርፉ ወደ ወደቀ ትልቅ ዛፍ ይገፋን ስለነበር፣ አባቴ መብረዱን ሳይጠብቅ ውሃ ሊጨምር የሞተሩን ክዳን ፈታው፤ የፈላው ዘሎ ቀኝ እጁን እስከ ክርኑ ላጠው። በግራ እጁ እየቀዘፈ ነው ያወጣን።

መስከረም ላይ ሞተሩን ሲፈታው ውሃው የሚዞርባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች በቀይ ጭቃ ተደፍነው ነበር። ጭቃውን በጣቱ ጠርጎ አሳየኝና «አሪየት፣ የበርሜሉን ክዳን ሳልገጥመው ቀርቼ ነው። አረጀሁ መሰለኝ» አለኝ። ጥፋተኛዋ ለሆንኩት ለእኔ ነው እንዲህ ያለው። ጓደኞቹ «ሽማግሌውን ጭቃ ያጎረሰው» እያሉ ሲያበሽቁት አብሯቸው ይስቅ ነበር። የቀኝ እጁ ጣቶች እንደተጨበጡ ቀሩ፤ እሱም እውነቱን ሳልነግረው ሞተ።

አሁን ወጣቱ ነጂ ሽታው ደርሶት፣ ጨርቅ ይዞ ወደ ሞተሩ ጎንበስ ሲል አየሁት።

«ተው ልጄ፣ ክዳኑን አትክፈት። አጥፋውና ይብረድ።»

«ማዘር፣ መካኒክ ነሽ እንዴ?» አለኝ፣ ሰው ሳቀ።

«አይደለሁም። የአባቴን እጅ ያስቃጠልኩ ነኝ።»

ወጣቱ ጨርቁን ጥሎ ሞተሩን አጠፋው። ወንዙ ይዞን ሲወርድ ወንዶቹ መቅዘፊያ፣ እንጨትና ጣውላ ይዘው ቀዘፉ፤ እኔ ልጄን በነጠላዬ ከወገቤ ጋር አስሬ እስክንጠጋ ድረስ ዓይኔን ከዳርቻው አልነቀልኩም።

መሬት ረግጠን ተቀምጠን ሳለ ለልጄ ስለ በርሜሉ ሁሉንም ነገርኳት።

«አያቴ አንቺ መሆንሽን አውቋል?» አለችኝ።

«አላወቀም።»

ፊቷን ላለማየት ወደ ወንዙ ዞርኩ። ያኔ ዳርቻ ስንደርስ አባቴ የተላጠ እጁን ጭቃ ውስጥ ከቶ ሲያቃስት፣ እኔ አጠገቡ አፌን ዘግቼ ቆሜ ነበር። ዛሬ አፌን ከፍቻለሁ፣ የማንም እጅ አልተቃጠለም፤ እሱ ግን የለም። ዳርቻው ደርሰናል፣ እኔና ልጄ ደህና ነን።