የአይስላንዶቹ ፉከራ

ጎንደር አራዳ ውስጥ ዘፈን በፍላሽ እየጫንኩ እሸጥ በነበረ ጊዜ፣ አንድ የአይስላንድ ቱሪስት ከሰሜን ተራሮች ሲመለስ ሱቄ ገባ። የጎንደር ዘፈን ጫንኩለት፤ እሱም በምላሹ ከስልኩ አንድ አልበም ሰጠኝ። የአገሩ ልጆች ናቸው፣ ሂፕ ሆፕ የሚጫወቱ ሦስት ጓደኛሞች፤ አልበሙም የመጀመሪያቸው ነው አለኝ። ሲነግረኝ ፊቱ እንዴት እንደበራ ላየ ሰው እሱ ራሱ የወለዳቸው ይመስል ነበር።

አንድ ቃል ሳይገባኝ ወደድኩት። ይህን ስል ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። ግዕዝ ሳይሰማ የሚያስቀድስ ስንት ሰው አለ? ሱቄን ስከፍትም ስዘጋም የማሰማው እነሱን ነበር። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ በየጊዜው ብቅ እያለች፣ ሰዎቹ ገና አልታረቁም ወይ እያለች ትጠይቀኛለች።

በዚያው ሰሞን ታናሽ ወንድሜ ሚስት ሊያገባ ሆነ። ወንድሜ መድኃኒት ቤት ነው የሚሠራው፤ ሳልህ ደረቅ ነው አክታ አለው ብሎ ደንበኛ ከሚጠይቅበት ድምፅ በላይ ተናግሮ አያውቅም። ልጅቱ የተወለደችው ከአይከል ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። አባቷ በልጅነቷ ስለሞቱ ያሳደጓት አጎቷ ናቸው፤ አገር ያወቃቸው ፎካሪ። ሽማግሌ ስንልክ የከተማ ልጅ ወኔ የለውም ብለው ብዙ አንገራግረው ነበር።

የሠርጉ ቀን እንደ ወጉ ሴቶቹ በሩን ይዘው ይዘፍናሉ፤ እኛም እንደ ወጉ እንገፋለን። ድንገት አጎትየው ዱላቸውን ይዘው ብቅ አሉና ሁሉንም ዝም አሰኙ። ፎከሩ። እውነቱን ልናገር፣ ፀጉሬ ቆመ። ሲጨርሱ ዱላውን ደጃፉ ላይ አጋደሙና፣ ከሙሽራው ወገን ፎክሮ የሚመልስልኝ ወንድ ካልተገኘ ልጄ ከዚህ ቤት አትወጣም አሉ። ቀልድ መስሎን ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም።

እርስ በርስ ተያየን። የባንክ ሠራተኛ፣ ነርስ፣ የሒሳብ አስተማሪ፤ ሚዜዎቹ ሁሉ የገዛ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። የእኛ አጎት የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸውና፣ ፉከራ አልተማርኩም፣ ቅኔ ልቀኝልዎት ብለው ለመኑ። በሩ ግዕዝ አያውቅም ተባሉ። ወንድሜ በሱፍ ልብሱ ውስጥ ላብ በላብ ሆኗል፤ ከጓዳ ሙሽራዋ ስታለቅስ ይሰማል።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔ የቸገረኝ ስፒከር አወረድኩ። የዕለቱ ሙዚቃ በእኔ እጅ ስለነበር፣ ከመኪናው አውጥቼ ደጃፉ ፊት ለፊት ገተርኩትና፣ እኛም ፎካሪ አለን ብዬ አይስላንዶቹን ለቀቅኳቸው።

ዶሮዎቹ ሸሹ። አጎትየው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ፤ ዞረውም ስፒከሩን ከኋላው አዩት። ምን እንደሚል ጠየቁኝ፤ እንደማላውቅ ነገርኳቸው። ከወዴት እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ከበረዶ አገር ነው አያ፣ አልኩ።

"ፈረሱን አላወደሰ፣ ጋሻውን አላነሳ" አሉ። "ትንፋሹ ግን ሸጋ ነው።"

ከዚያ ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጣል አደረጉና መለሱለት። የመጀመሪያው አይስላንዳዊ ትንፋሽ ሲስብ እሳቸው ይገባሉ፤ እሳቸው ሲስቡ እሱ ይገባል። መንደሩ ሁሉ ያጨበጭባል። ሊያሸንፉት ትንሽ ሲቀራቸው ሁለተኛው ልጅ፣ ድምፀ ወፍራሙ ተነሳ። እሱንም ተያያዙት። ሦስተኛው ሲጀምር ግን ጉሮሯቸው ሻከረ፤ ዱላቸውን አንስተው ተደገፉት። እኔ ሞኙ ድል ቀመስኩ ብዬ ድምፁን ጨመርኩ።

"ምነው፣ ሦስት ለአንድ?" አሉ ዙሪያቸውን እያዩ። የራሳቸው ዘመዶች እንኳ ይስቁ ነበር።

ያን ጊዜ ወንድሜ ከመካከላችን ወጣ። ሄዶ ከአጎትየው ጎን ቆመ፤ ወደ እኛ ዞረ፤ ጣቱን ስፒከሩ ላይ ቀሰረ።

"ዘራፍ! የሳል ጠላቱ፣ የትኩሳት ጠላቱ! በቀን ሦስት ጊዜ! ከምግብ በፊትም፣ ከምግብ በኋላም!"

ሰው በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን አላቆመም፤ ሌላ ስለማያውቅ ያንኑ ደጋገመው፣ ድምፁ እስኪሰነጠቅ። እኔም እየሳቅኩ ዓይኔ እንባ ሞላ። ያ ዝምተኛ ልጅ እንዲህ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ስፒከሩን አጠፋሁት፤ አይስላንዶቹ ተሸነፉ።

አጎትየው ወንድሜን ከላይ እስከ ታች ሲያዩት ቆዩ።

"ፉከራህ መናኛ ነው፣ ልጄ" አሉት። "ግን ብቻዬን ስሆን ወደ እኔ መጣህ። እሷንም ብቻዋን አትተዋትም። ግባ።"

እጁን ይዘው አስገቡት። እኛ ልንከተል ስንል ዱላው ደጃፉን መልሶ ዘጋው፤ እነዚያን ሦስቱን ማን ነው ያመጣቸው ብለው ጠየቁ። የገዛ አጎቴ ሳይቀር ሁሉም ወደ እኔ ጠቆመ። ሚዜዎቹ ገቡ፣ ዘመድ ገባ፣ አንድ የማናውቀው መንገደኛም አብሮ ገባ። እኔ የወንድሜን የሠርግ ምሳ እደጅ፣ ስፒከሩ ላይ ተቀምጬ በላሁ።