የተረጋጋ መስሎኝ

ባለቤቴ ቆቦ ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ የተማሪዎቹን ወረቀት ማረም ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳ ላይ ተቀምጠን እኔ አነብለታለሁ፣ እሱ ያርማል። ጥያቄው «ካልም ዳውን» በሚለው ግስ፣ ማለትም በመረጋጋት፣ ዓረፍተ ነገር ሥሩ ይላል። አንዲት የዋጃ ልጅ ላሟ ስትረጋጋ አለብኳት ብላ ጽፋለች።

«ለላምም ይባላል?» አልኩት።

«ምን አጠፋች? ለላምም፣ ለነፋስም፣ ለሰውም ይሆናል። የተቆጣን ሰው ግን በዚህ ቃል አትዘዢው፤ ይብስበታል።»

«አንተንስ?»

«እኔንማ ስታዢኝ ኖረሻል፤ መቼ ሠራ!»

ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ሳል ያዘው።

አስም ከልጅነቱ ነበረበት። ከጓሯችን ማሽላ እየተወቃ ስለነበር አቧራው ግቢውን ሞልቶታል። በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒቱን፣ የሳልቡታሞል ፓፉን፣ ሳበ። ደገመው። ሲተነፍስ ደረቱ ያፏጫል። ባጃጅ ጠራሁ። ጎረቤቶች ግን ሳሉን ሰምተው እንደ ልማዳችን ዱዓ ሊያደርጉለት ተሰብስበው ነበርና እስኪያበቁ ልጠብቅ አልኩ። በመሀል ፉጨቱ ቆመ። ዓይኑን ጨፈነ።

«አብሽሪ፣ ይኸው ተረጋጋልሽ» አሉኝ እትዬ ዘሀራ፣ የቅርብ ጎረቤቴ። «አትቀስቅሺው፣ ይተኛ።»

ባጃጁን መለስኩት።

ከንፈሩ ጠቆረ። ጠራሁት። አልመለሰም። ሌላ ባጃጅ ጠርተን ሆስፒታል ስንደርስ ኦክስጅን አደረጉለት። አልተረፈም።

«ፉጨቱ የቆመው አየር መግባት ስላቃተው ነው» አለኝ ሐኪሙ። «ደክሞ እንጂ ተረጋግቶ አልነበረም።»

«ቀድሜ ባመጣውስ?»

«ዕድል ይኖረው ነበር።»

ስላልዋሸኝ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት «ተረጋጊ» የሚለኝን ሰው ሁሉ ስሸሽ፣ እትዬ ዘሀራ ግን በየቀኑ እየመጡ፣ ምንም ሳይሉ አጠገቤ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። አንድ ቀን «ይተኛ ያልኩሽ እኔ ነኝ» ብለው አለቀሱ፤ እኔም ባጃጁን የመለስኩት እኔ መሆኔን ነገርኳቸው፤ ከዚያች ቀን ወዲህ እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር።

አስም ያለበት ሰው የምታስታምሙ፦ ፓፉ ካላሻለው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ ይልቁንም ፉጨቱ ጠፍቶ ካንቀላፋ አትጠብቁ። ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡትና ውሰዱት። ዱዓውን በመንገድ ላይ አድርጉት።

አሁን ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ፤ ፓፍ ለታዘዘላቸው ሰዎች አጠቃቀሙን አሳያለሁ።